አስካለ ያየቻቸው ሕዋሳት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ሐሜቴን ነግሬያቸዋለሁ፤ ቁጣዬን፣ የገደፍኩትን ጾም፣ እህቴን ያስቀየምኩበትን ቀን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸውም "ሌላስ ልጄ?" ይሉኛል። እኔም "ሌላ የለም አባ" እላለሁ። ሌላ ግን አለ። መስቀላቸውን ስሳለም፣ ቤቴ ስገባ፣ ስተኛ፣ ስነሳ ያ ሌላው አብሮኝ አለ። እርስዎን አላውቅዎትም። ስለማላውቅዎት ይሆናል ለእርስዎ መናገር የደፈርኩት።

አስካለ የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ። ያየችውን እውነት ሐሰት አስባልኩባት። ስሟን አጠፋሁ። ከዚያ እሷም ጠፋች። ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አላስገደደኝም።

በደርግ ጊዜ ሁለታችንም ከኮልፌ ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረ አንድ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ እንሠራ ነበር። ሥራችን የሞተ እንስሳ ሲመጣ ከሥጋው ትንሽ ቆርጠን በመድኃኒት ማቆየት፣ ሰም ውስጥ ማድረግ፣ ሰሙ ሲደርቅ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አሳስቶ መቁረጥ፣ ቀለም ማጠጣት፣ ከዚያ መስታወት ላይ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ከአንድ ማሠልጠኛ አብረን ወጥተን አብረን ተቀጠርን። ወንበሯ ከወንበሬ አጠገብ ነበር። ስሜ ስንዱ ነው፤ እሷ ግን ስንድዬ ነበር የምትለኝ።

ቤታቸው ከኮልፌ አጣና ተራ ጀርባ ነበር። አባቷን ጋሽ ወልዴ እላቸው ነበር፤ በልጅነታቸው ከከፋ መጥተው ማርና ኮረሪማ ሲነግዱ ኮልፌ ላይ የሸበቱ ሰው ናቸው። እናቷ እማማ አበበች ይባላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ነበር ምሳ የምበላው። እኔ ያደግኩት ዘነበወርቅ ነው። ያኔ የሰፈሬን ስም የሰማ ሰው እጁን ይሰበስባል፤ እዚያ ያለው ሆስፒታል የሚያክመውን የሥጋ ደዌ በእኛ ላይም የሚያይ ይመስለዋል። ትምህርት ቤት በጠጣሁበት ኩባያ የሚጠጣ አልነበረም። እማማ አበበች መጀመሪያ ቀን "የየት ሰፈር ልጅ ነሽ?" ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። እሳቸው ከሚጠጡበት ኩባያ ውኃ ቀድተው ሰጡኝ፤ አጋምሼ ስመልስላቸው የቀረውን ጠጡት። እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው የበደልኳቸው። እያወቅኩ ነው የበደልኳቸው።

በዚያ ጊዜ መንግሥት ከአዋሽ ቆላ ሰጎኖች አስመጥቶ ከላቦራቶሪያችን ብዙም በማይርቅ ግቢ ያረባ ነበር። ክረምት ገባ። የኮልፌ ብርድና ጭቃ አልተስማማቸውም መሰለኝ፣ በየተራ ይሞቱ ጀመር። የሞቱት ወደ እኛ ይመጣሉ። የመጀመሪያዋ ስትመጣ ጠረጴዛው አልበቃትም፤ እግሮቿ ወደ ውጭ ተንጠለጠሉ። አስካለ አየቻትና "እግሯን አይተሻል? የኳስ ቀኝ ክንፍ ተሰላፊ ትመስላለች እኮ" አለችኝ። ሳቅን። ወዲያው ግን የወፏን አንገት ቀና አድርጋ አስተካከለችላት፤ የተኛ ሰው ትራስ እንደሚስተካከልለት።

የታዘዝነው ጉበታቸውን አይተን የገደላቸውን በሽታ እንድንፈልግ ነበር። አስካለ ግን በታዘዘችው ብቻ የምትቆም ልጅ አልነበረችም። በብር ውህድ የሚሠራ አንድ የቀለም ዓይነት አለ፤ ሆርሞን የሚሠሩ ሕዋሳትን አጥቁሮ ያወጣቸዋል። ሆርሞን ማለት አንድ ሕዋስ ደም ውስጥ የሚለቀው መልእክት ነው፤ እዚህ ተለቅቆ ሩቅ ያለ አካል ጋ ይደርሳል። እኛ እንዲህ ያሉትን ሕዋሳት የተማርነው በቆሽትና በአንጀት ውስጥ ነው። ጉበትን በዚያ ቀለም መንከር ማናችንም ያሰብነው ነገር አልነበረም።

"ለምን ጉበት ላይ ታባክኚዋለሽ?" አልኳት።

"ለምን አይሆንም? ማን ከለከለኝ?" አለችኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጮኸች። "ስንድዬ! ነይ፣ ነይ እይልኝ! ዓይኔ ነው ወይስ እውነት ነው?" ሄጄ ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ ደቀንኩ። በጉበቱ ውስጥ ባሉት ቀጫጭን የሐሞት ቱቦዎች ግድግዳ ላይ፣ እዚህም እዚያም፣ እንደ ጥቁር አዝሙድ የተበተኑ ሕዋሳት አየሁ። ጥርት ብለው ይታያሉ። ዙሪያቸውን ያለው ጉበት ነው፤ ጥርጥር የለውም። "አሉ" አልኳት። ይህን ቃል ተናግሬያለሁ። አይቻለሁም። አቅፋኝ ዘለለች። "እንግዲህ ስትራብ ጉበቷ ራሱ ይናገራል ማለት ነው! ይህን ያህል ወፍ በረሃ ለበረሃ የምትሮጠው ዝም ብሎ አይደለም!" ትክክል ትሁን አትሁን አላውቅም፤ ደስታዋን ግን አልረሳውም። በኋላም ከሌሎች ሰጎኖች ጉበት ደጋግማ ሠራች። ሁሉም ውስጥ አገኘቻቸው።

ወሬው ኃላፊያችን ጋ ደረሰ። በዚያው ሰሞን ወደ ምሥራቅ ጀርመን ለትምህርት የሚላክ አንድ ሰው ሊመረጥ ነበር። እድሉ የእኔ እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱ የፖለቲካ ውይይት ክበብ ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ በየስብሰባው የማጨበጭብ እኔ ነኝ፤ ከዘነበወርቅ የሚያወጣኝን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠብቅ የኖርኩ እኔ ነኝ። የሰጎኑ ነገር ከተሰማ በኋላ ግን ሰዉ ሁሉ አስካለን "የሰጎን ልጅ" እያለ በፍቅር ይጠራት ጀመር። ኃላፊያችን ሥራዋን ለኮሚቴ እንድታሳይ ቀጠሯት። ከአንድ ኮሌጅ አንድ ሽማግሌ ባለሙያም ተጋበዙ። ካመኑበት መጓተትም አይኖርም፤ ጀርመን የምትሄደው እሷ ናት።

ቀናሁ። ሌላ ስም የለውም። እሷ ለእኔ መጥፎ ነገር አስባ ታውቃለች? የለም። "አንቺ ብትሄጂም እኔ ብሄድም አንድ ነው፤ የሄደችው ለቀረችው ትጽፋለች" ብላኝ ነበር። እውነቷን ነው የምትለው። ታዲያ እኔ ለምን እንደሷ ማሰብ አቃተኝ? ራሴን ስንት ጊዜ ጠየቅኩ።

ኮሚቴው በሚሰበሰብበት ቀን ጠዋት ሁሉም ሰው ውይይት ክበብ ገብቶ ነበር። እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ ወጣሁ። ቀደም ብዬ ከዚያው ከሰጎን ቆሽት ሰም አፍስሼ፣ ቆርጬ፣ ቀለም አጠጥቼ አዘጋጅቻለሁ። አስቤበት ነው፤ በድንገት አይደለም። የአስካለን የጉበት ሰሞች አንስቼ የቆሽቱን ተካሁባቸው። ሰሞቿ ላይ የምታደርገውን ምልክት በመርፌ ጫሬ አስመሰልኩ። መስታወቶቿንም ቀየርኩ፤ የቀድሞዎቹን ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኳቸው። በጠርሙስ የቀረውን ጉበት ከሚቃጠለው ቆሻሻ ጋር ቀላቀልኩት። ሰሞቿን ግን አልጣልኩም። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳቸው። ለምን? ከዚያ ተመልሼ ውይይት ክበብ ገባሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ። "ተሻለሽ?" አለችኝ። "ተሻለኝ" አልኳት።

ሽማግሌው ባለሙያ ረጅም ጊዜ አዩ። አንዱን መስታወት አንስተው ሌላውን ተኩ። አስካለ እጇን እያፋተገች ትጠብቃለች። በመጨረሻ ቀና አሉና ድምፃቸውን አለስልሰው "ልጄ፣ ይሄ እኮ ቆሽት ነው" አሏት።

"አይደለም ጋሼ፣ ጉበት ነው።"

"ነይ እስቲ እይው።"

አየች። ፊቷ ላይ ያየሁትን መናገር አልችልም። "ይሄ የኔ አይደለም" አለች። "እንዴ… ሰሙ አለ፤ ከሰሙ ልቁረጥላችሁ።" እዚያው ፊታቸው ቆረጠች። ቀለም አጠጣች። ያም ቆሽት ሆነ። ከሰጎኖቹ የተረፈች አልነበረችም፤ ሌላ ጉበት የለም። ከኮሚቴው አንዱ፣ ከፓርቲ የተወከለው፣ "የምን ሕዋስ ነው የምታወሩት? ሴትየዋ የሕዝብ ንብረት እያባከነች ኮሚቴ ታታልላለች ወይስ ምንድን ነው?" አለ።

ኃላፊያችን ወደ እኔ ዞሩ። "ስንዱ፣ አጠገቧ የምትሠሪው አንቺ ነሽ። ያን ጊዜ አይተሻል?"

አስካለ ትንፋሿን ለቀቀች። አሁንም ይታየኛል፤ ትከሻዋ ወረደ፣ ፊቷ በራ። ከጭንቅ ያወጣኋት መሰላት። "ንገሪያቸው ስንድዬ። አይተሽዋል እኮ!"

እኔም ተናገርኩ። "ያሳየችኝ ነገር ነበር። ጉበት መሆኑን ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ጠርሙሶቹ ጎን ለጎን ስለነበሩ ተቀያይሮባት ይሆናል።"

"ስንዱ?" አለች። ይህን ብቻ ነው ያለችው።

ቢያንስ ብትጮህብኝ! ብትሰድበኝ፣ ብትጠረጥረኝ! እንዳደረግኩት ብታውቅ ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር። ማታ ከሥራ ስንወጣ ፌርማታው ድረስ አብረን ሄድን። ዝናብ ያካፋ ነበር። ነጠላዋን ለሁለታችን ዘረጋችው። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ "አንቺ እርግጠኛ ካልሆንሽ እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። ደክሞኝ ይሆናል። ቆሽቱን ቆርጬ ይሆናል። አሳፈርኩሽ አይደል?" ከኔ ዓይን ይልቅ የገዛ ዓይኗን ተጠራጠረች። ስለምታምነኝ ተጠራጠረችው። በዚያች ቅጽበት አፌን ብከፍት ሁሉም ነገር ይመለስ ነበር። አውቶቡሱ መጣ። ገባሁ።

እሷን ከላቦራቶሪው አንስተው በምዕራብ ቆላ ወደነበረ የሰፈራ ጣቢያ ለከብት ሐኪም ረዳትነት መደቧት። ቅጣት ነው አላሉም፤ የአብዮቱ ጥሪ ነው አሉ። የተሳፈረች ቀን ሸኘኋት። ጋሽ ወልዴ አንድ ጠርሙስ ማር ሻንጣዋ ውስጥ ከተቱላት፤ እማማ አበበች ዓይናቸውን ከሷ ላይ አላነሱም። እኔን ለብቻ ጎተተችኝና "በደንብ ተማሪ እሺ? ስትመለሺ እንደገና አብረን እንሞክራለን፤ ብቻ ሰጎን ይገኝ" አለችኝ። እኔን የምታጽናናው እሷ ነበረች።

ጀርመን ከገባሁ ብዙም ሳይቆይ ነው። አንድ ቀን በተማሪዎች ማደሪያ ኩሽና ውስጥ ከአዲስ አበባ አዲስ የመጣ ልጅ ሽንኩርት እያቁላላ ስለ ሰፈር ያወራኛል። የኮልፌ ልጅ ነው። "ያቺን የሰጎን ልጅ የምትባለዋን ታውቂያታለሽ? ወባ ገደላት እኮ። መድኃኒት አልነበረም አሉ። እዚያው ቀበሯት" አለኝ። ሽንኩርቱን ማማሰሉን አላቆመም፤ ምን ያውቃል? ክፍሌ ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። አላለቀስኩም። ለቅሶው የእኔ እንዳልሆነ፣ ላለቅስላት መብት እንደሌለኝ ተሰማኝ። ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ጎትቼ ከፈትኩ። ሰሞቿ እዚያ ነበሩ። ይዣቸው ሄጄ ነበር።

በማግስቱ ላቦራቶሪ ወስጄ ቆረጥኳቸው። ቀለም አጠጣኋቸው። እዚያው ነበሩ፤ በሐሞት ቱቦዎቹ ግድግዳ ላይ፣ ጥቁር ሆነው፣ እሷ እንዳየቻቸው። ሰሙን ያፈሰሱት የሞተች ልጅ እጆች ናቸው። ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ ሳላነሳ ረጅም ጊዜ ቆየሁ። አስተማሪዬ፣ ደግ ሴትዮ ነበረች፣ ከጀርባዬ መጥታ "ምን እያየሽ ነው?" አለችኝ። ተነስቼ አሳየኋት። ተገረመች። ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ማነው ያገኘው?" ብላ ጠየቀችኝ።

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ሞታለች፤ ምንም አትወስድብኝም። ስሟን ብጠራ ማን ይከለክለኛል? የሩቅ አገር ነው፣ ካድሬ የለም፣ ኮሚቴ የለም። ያኔ የፈራሁት ምን ነበር?

"እኔ" አልኩ።

በዚያ ግኝት ነው የተመረቅኩት። ዲግሪዬ፣ ማዕረጌ፣ በኋላም ቤቴል ያለው ቤቴ፣ ልጆቼን ያሳደግኩበት፣ ሁሉም የቆመው በዚያ ላይ ነው። የገደልኳትን ልጅ ሥራ ለብሼ ነው ስኖር የኖርኩት።

ስመለስ ደርግ ገና አልወደቀም። የራሴ ክፍል ተሰጠኝ። አንድ ቀን በሬ ተንኳኳ፤ ጋሽ ወልዴ ናቸው። ከስተዋል። ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ለእንኳን ደህና መጣሽ ብለው ማር ይዘውልኝ መጥተዋል። ተቀመጡ። ከራሳቸው በላይ ግድግዳው ላይ ዲግሪዬ በመስታወት ተሰቅሏል፤ በጀርመንኛ የተጻፈ ነው፣ አያነቡትም።

"ልጄ" አሉኝ፣ "አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ቀበሌ ስብሰባ ላይ የአስካለን ነገር አንስተው አታላይ አሏት። በሰው ፊት። እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ ምን ብዬ ልመልስ? አንቺ አሁን ተምረሽ መጥተሻል። እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፤ ያ አየሁት ያለችው ነገር፣ በወፏ ጉበት ውስጥ አለ?"

እዚህ ላይ እርስዎም እንዲጠይቁኝ እፈልጋለሁ። አለ ብዬ ብመልስ ምን አጣ ነበር? አለ ጋሼ፣ ልጅዎ ትክክል ነበረች ማለት ብቻ ነበር። ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነው።

"የለም ጋሼ" አልኳቸው። "ተሳስታ ነው። ክፋት አልነበረባትም፤ ተሳስታ ነው።"

ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ "ተሳስታ ነው… እሺ። ከማታለል ይሻላል" አሉ። ተነሱ። "እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ አሳረፍሽኝ" አሉኝ። መረቁኝ። በሩ ድረስ ሸኘኋቸው፤ ኮሪደሩን ግድግዳ እየያዙ ሲሄዱ ከጀርባቸው አየኋቸው።

ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ለቅሶ ሄድኩ። ሰዉ ሲበተን እማማ አበበች ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እጄን ያዙ፤ እጃቸው ደረቅና ቀላል ነበር። ቀስ ብለው አወሩኝ።

"እኔ ተሳስታለች ሲሉኝ አላመንኩም ነበር። ዶሮ ስገነጥል ገና በእግሯ ድክ ድክ ከምትልበት ጊዜ ጀምሮ አጠገቤ ቆማ ይሄ ምንድን ነው፣ ያ ምንድን ነው እያለች ነው ያደገችው። ጉበት የቱ እንደሆነ ልጄ አይጠፋትም። እሱ ግን አመነሽ። አንቺ ስላልሽው አመነ። ከዚያ ወዲህ ስሟን ሲያነሳ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።"

ተቆጥተው አልነበረም። እየወቀሱኝም አልነበረም፤ ወይም እንደዚያ መሰለኝ። እጄን ሳይለቁ አዩኝ። የሚጠብቁት ነገር የነበረ ይመስለኛል። ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።

እሳቸውም ካረፉ ቆይተዋል። አሁን የሚሰማኝ የለም፤ ለዚህ ነው የምናገረው? ሊሆን ይችላል። ከፍርሃት የወጣሁ አይምሰልዎ።

ሰው "ዘመኑ ነው" ይለኛል፤ አውቃለሁ። ስለዚያ ጊዜ ያወራ ሁሉ እንዲህ ይላል። እኔ ግን አልልም። ደርግ ብዙ ሰው ገድሏል። አስካለን የገደልኩት እኔ ነኝ። ያን ሰም እንድቀይር ያዘዘኝ ካድሬ አልነበረም። አባቷን እንድዋሽ የላከኝ ቀበሌ አልነበረም። ድሃ ነበርኩ፣ የተናቅኩ ነበርኩ ብዬም አላመካኝም፤ በዚያች ቤት አልተናቅኩም። ልጄ የአስካለን ዕድሜ ስታልፍ አየሁ፤ ስታገባ፣ ስትወልድ አየሁ። በየደስታዋ መሀል እማማ አበበችን አስባለሁ፤ ይህም ቢሆን ለእሳቸው ምን ይረባቸዋል?

ይቅር በሉኝ አልልዎትም። እርስዎን አልበደልኩም፤ ይቅርታው በእጅዎ የለም። ይቅር ልትለኝ የምትችል አንዲት ሰው ነበረች። እውነቱን ነግሬ ብለምናት ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ፤ ትንሽ ታለቅሳለች፣ ከዚያ እኔን ታባብላለች። ይቅር ትለኛለች። ይህን ከማወቅ የሚከብድ ነገር በሕይወቴ አላጋጠመኝም።